በወረቀት ላይ የሚሮጥ አሥር ሺህ ሜትር

ከዱርቤቴ ተነስቶ በዳንግላና በእንጅባራ አድርጎ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም በሚሄድ መኪና ውስጥ የሩጫ ወሬ ከተነሳ ክርክሩ የት እንደሚያመራ ይታወቃል። አንዱ «ከኃይሌ በላይ ማን አለ?» ይላል። ወጣቱ የቀነኒሳን ሰዓት በቃሉ ይጠራል። ከኋላ ወንበር አንድ አዛውንት «ምሩጽን ሳታዩ ስለ ሩጫ ታወራላችሁ!» ብለው ይቆጣሉ። መኪናው ቡሬ ሲደርስ የተረታ የለም።

ተማሪዎቼም ይህንኑ ክርክር ክፍል ይዘውት ይገባሉ። የሒሳብ መምህር ነኝና ክርክሩን ከማስቆም ይልቅ ቁጥር አልብሼ መልሼ ሰጠኋቸው። በዕድሜና በዘመን የተራራቁ ሯጮችን በአንድ መም ላይ ማገናኘት አይቻልም፤ በቁጥር ግን አምሳያ ውድድር ማዘጋጀት ይቻላል። ባለሙያዎቹ ሲሙሌሽን ይሉታል። ይህ ጽሑፍ አሠራሩን ያሳያል፤ አሠራሩ የት ላይ እንደሚያታልልም እንዲሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሐሳቡ ከየት መጣ

ከቤዝቦል። ጨዋታውን ለማታውቁት፦ አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ገና ተጫውቶ ላደገ ልጅ ዱላና ኳስ እንግዳ አይደሉም፤ እንግዳው ነገር የአሜሪካኖቹ መዝገብ ነው። የእያንዳንዱን መቺ እያንዳንዱን ሙከራ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጽፉ ኖረዋል። ቴድ ዊሊያምስ በ1941 ከተቆጠሩለት 456 ሙከራዎች 185ቱ ተሳክተውለታል፤ ከመቶ 41 ያህሉ፣ ከሺህ 406 ማለት ነው። ስለዚህ ዊሊያምስን ወረቀት ላይ ማስነሳት የፈለገ ሰው ከ1 እስከ 1000 ያለ ቁጥር በዕጣ ያወጣል፤ የወጣው 406 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ «መታ»፣ ከዚያ በላይ ከሆነ «ሳተ» ብሎ ይመዘግባል። ሃል ሪችማን የሚባል አሜሪካዊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን በካርድና በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ አድርጎ ለገበያ አቀረበው። ኮምፒዩተር ሲመጣ ደግሞ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን በደቂቃ ውስጥ ያልቅ ጀመር። በ1948 የሞተው ቤብ ሩት እሱ ከሞተ በኋላ ከተወለደ ወርዋሪ ጋር ይፋጠጣል፤ የታሪክ ታላላቅ መቺዎች በምድብ ተደልድለው ይወዳደራሉ፤ በመጨረሻም «አንደኛው እገሌ ነው» ይባላል።

ቤዝቦል ለዚህ የተመቸበት ምክንያት አለው። እያንዳንዱ ምት የሁለት ሰዎች ብቻ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ወርውሮ አንዱ መትቶ ያልቃል፣ ቀጥሎ ሌላ ይጀመራል። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ ሩጫ ስንመጣ የሚያስቸግረን እሱ ነው።

ቡጢኞቹና ኮምፒዩተሩ

በ1967 መሪ ዎሮነር የሚባል የማያሚ የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ የታሪክን ከባድ ሚዛን ቡጢኞች በኮምፒዩተር አጋጠማቸው። የቡጢኞቹ ጥንካሬ፣ ፍጥነት፣ የመቋቋም ችሎታና የመሳሰለው በቁጥር ተተምኖ ኤን ሲ አር 315 ለሚባል ኮምፒዩተር ተሰጠ። ማሽኑ ያወጣው ውጤት በሬዲዮ ልክ ግጥሚያው አሁን እየተካሄደ እንዳለ ሆኖ ይተላለፍ ነበር። ፍጻሜው ላይ ሮኪ ማርሲያኖ ጃክ ዴምፕሲን አሸነፈ። መሐመድ ዓሊ ግን ከሩብ ፍጻሜው አላለፈም፤ ከእሱ በፊት ረጅም ዘመን ቀድሞ በኖረው በጂም ጄፍሪስ ተሸነፈ ተባለ። ዓሊ ስሜ ጠፋ ብሎ የአንድ ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ!

ነገሩ በስምምነት ተቋጨና ዎሮነር ዓሊንና ማርሲያኖን ለፊልም እንዲጋጠሙ አደረገ። ማርሲያኖ በ1956 ከ49 ግጥሚያ አንድም ሳይሸነፍ ጓንቱን የሰቀለ ሰው ነበር፤ ዓሊ ደግሞ ለቬትናም ጦርነት አልዘምትም በማለቱ ከቡጢ ታግዶ ተቀምጧል። ብዙ ዙር ተቀረጸ፣ ከአንድ በላይ የሆነ መጨረሻም ተቀረጸ። ማርሲያኖ ፊልሙ ሳይታይ በነሐሴ 1969 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። በጥር 1970 የአሜሪካ ተመልካች በሲኒማ ቤት ያየው ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር ዓሊን ሲዘርር ነው። በአውሮፓ ለአንዳንድ ተመልካቾች የቀረበው ቅጂ ግን ዓሊ የሚያሸንፍበት እንደነበር ይነገራል።

እኔ ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ የማነሳው ለሳቅ ብቻ አይደለም። ኮምፒዩተሩ አልዋሸም፤ የተሰጠውን ደምሮ አወጣ። ዓሊን ከጄፍሪስ ያሳነሰው ለዓሊ «ጥንካሬ» ነጥብ የሰጠው ሰው ነው። ዳጉሳ ይዞ ወፍጮ ቤት የሄደ የጤፍ ዱቄት ይዞ አይመለስም።

በሁለት ዳይስ እንጀምር

ኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ባይኖር፣ ቢኖርም መብራት ባይኖር፣ የሉዶ ዳይስ ይበቃል። ሁለት ሯጮች እንውሰድ፤ ስማቸውን ለጊዜው «ሀ» እና «ለ» እንበላቸው። «ሀ» በአማካይ በ2 ሰከንድ ይፈጥናል። ግን ሰው ነውና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይሮጥም፤ አንድ ቀን ንፋስ፣ አንድ ቀን ሆድ ቁርጠት፣ አንድ ቀን እንቅልፍ ማጣት አለ። ይህን መዋዠቅ ዳይሱ ይወክልልናል። ለእያንዳንዱ ሯጭ ሁለት ዳይስ እንጥላለን፤ የወጣው ድምር በመነሻ ሰዓቱ ላይ የሚጨመር ሰከንድ ነው። ለ«ለ» ከዚያ በላይ የማይቀር 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። ትንሽ ሰዓት የያዘ ያሸንፋል።

አራቱ ዳይሶች 1296 ዓይነት አወጣጥ አላቸው። ቆጥራችሁ ድረሱበት፤ በ861ዱ «ሀ» ያሸንፋል፣ በ125ቱ እኩል ይገባሉ፣ በ310ሩ ግን የተሻለው ሯጭ ይሸነፋል። ከአራት ውድድር በአንዱ ለማለት ትንሽ ቢጎድለው ነው። ለዚህ ስሌት ማንም ሰው አላጭበረበረም፣ ማንም አልታመመም፤ ተራ መዋዠቅ ብቻውን ይህን ያህል ያደርጋል። የመኪናው ውስጥ ክርክር የማያልቀው አንዱ ምክንያት እዚህ አለ፦ ሁሉም ተከራካሪ የእሱ ጀግና ያሸነፈበትን ቀን መጥራት ይችላል።

ስንት ጊዜ እንድገም? አሥር ጊዜ ብቻ ጥላችሁ «ለ» ቢበልጥ አትደነቁ። እኩል የወጣው እንደገና እየተጣለ ከተቆጠረ የ«ሀ» እውነተኛ ድርሻ ከመቶ 73 ወይም 74 ነው። መቶ ጊዜ ብትጥሉ የምታገኙት ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከ65 እስከ 82 ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ገና ሰፊ ነው። አሥር ሺህ ጊዜ ከሆነ ስሕተቱ ወደ አንድ ከመቶ ይወርዳል። ለዚህ ጣት አይበቃም፤ ኤክሴል ላይ ድንገቴ ቁጥር የሚያወጣውን ትዕዛዝ መጠቀም ነው።

ጥሎ ማለፍ ለምን አልወደድኩትም

ልጆቹ መጀመሪያ የጠየቁኝ እንደ ዓለም ዋንጫ በጥሎ ማለፍ እንድናደርገው ነበር። ስምንት ሰው መረጡ፤ በአሥር ሺህ ሜትር የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ያላቸውን፦ ማሞ ወልዴ፣ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድር፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ አሰፋ መዝገቡ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ስለሺ ስህን፣ ሰለሞን ባረጋ። ጥሩ ምርጫ ነው። ጥሎ ማለፉ ግን ሁለት ጣጣ አለው።

አንደኛው ዕጣው ነው። ስምንት ሰው በዕጣ ሲደለደል ኃይሌና ቀነኒሳ ገና በመጀመሪያው ዙር የመገናኘታቸው ዕድል ከሰባት አንድ ነው፤ ከፍጻሜው በፊት የሚገናኙበት ዕድል ደግሞ ከሰባት ሦስት። ያ ከሆነ የታሪክ ሁለተኛው ሯጭ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ባለው ቦታ ይመዘገባል። ሁለተኛው ጣጣ ይብሳል። ከላይ ያየነው «ሀ» ሁሉንም ተጋጣሚዎቹን በ2 ሰከንድ ይበልጣል እንበል፤ ማለትም ያለ ጥርጥር አንደኛው እሱ ነው። ዋንጫውን ለመውሰድ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ማሸነፍ አለበት። 0.735ን ሦስት ጊዜ እርስ በርሱ ብታባዙት 0.40 ገደማ ይመጣል። ከአሥር ዋንጫ ስድስቱን የሚወስደው ሌላ ሰው ነው።

ለቡጢና ለቤዝቦል ሁለት ወገን ማጋጠም ግድ ነው። ሩጫ ግን ስምንቱንም በአንድ መም ላይ ያሰልፋቸዋል። ስለዚህ ድልድሉን ጥለን ስምንቱን አንድ ላይ እናስሩጥ፣ አሥር ሺህ ጊዜ እናስሩጥ፣ ከዚያ ማን ስንት ጊዜ አንደኛ፣ ስንት ጊዜ ሁለተኛ እንደወጣ እንቁጠር።

የሩጫው እውነተኛ ጣጣ

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደረስን፦ ለእያንዳንዱ ሯጭ የምንሰጠው መነሻ ሰዓት ምንድን ነው?

ቀላሉ መልስ የሕይወት ዘመን ምርጥ ሰዓቱ ነው። ቀነኒሳ በ2005 ብራስልስ ላይ 26:17.53 ሮጧል። ኃይሌ በ1998 ሄንግሎ ላይ 26:22.75። ለምሩጽ፣ ምርጡ ባይሆንም፣ በ1980 ሞስኮ ላይ ወርቅ የወሰደበትን እንውሰድ፦ 27:42.69። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች እንዳሉ ብናስገባ ኃይሌ መስመሩን ሲያልፍ ምሩጽ ገና ከ480 ሜትር በላይ ይቀረዋል፤ አንድ ሙሉ ዙር ተደርቦበታል ማለት ነው። ዳይሱን መቶ ሺህ ጊዜ ብትጥሉት ምሩጽ አንድም ጊዜ አያሸንፍም። ከኋላ ወንበር ያሉት አዛውንት ይህን ቢሰሙ ወረቀታችንን ቀደው ይጥሉት ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

ከዚያው ቁጥር አጠገብ ሌላ ቁጥር ላስቀምጥ። በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ በ2021 ክረምት፣ ሰለሞን ባረጋ ወርቁን የወሰደው በ27:43.22 ነው። ከምሩጽ የሞስኮ ሰዓት በግማሽ ሰከንድ ይዘገያል። አርባ አንድ ዓመት፣ የተሻለ ጫማ፣ የተሻለ መም፣ የተሻለ ሕክምና፤ ሰዓቱ ግን ያው። ሰለሞን ከ27 ደቂቃ በታች ሮጦ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ ያን ቀን ከኋላው የገባው የዓለም ክብረ ወሰን ባለቤት ጆሹዋ ቼፕቴጌ ደግሞ በ2020 ቫሌንሲያ ላይ 26:11.00 ሮጦ ነበር። ታዲያ ለምን ዘገዩ? መዝገብ ሊሰብር የሚሮጥ ሰው ከፊቱ አሯሯጭ አለው፣ ግቡም ሰዓት ነው። በኦሎምፒክ ፍጻሜ አሯሯጭ የለም፤ ሁሉም እርስ በርሱ እየተያየ ይሮጣል፣ ማንም ንፋሱን ለሌላው መስበር አይፈልግም፣ ከዚያ ደወል ሲደወል እሳት ይነሳል።

ሲድኒ 2000ን ተመልከቱ። ኃይሌ 27:18.20፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት 27:18.29። በመካከላቸው ያለው 0.09 ሰከንድ ነው። ኃይሌ ከራሱ ምርጥ ሰዓት በ55 ሰከንድ ዘግይቶ ነው ያሸነፈው። የሁለቱ ምርጥ ሰዓት ሲነጻጸር ቴርጋት 26:27.85 ስለነበረ ልዩነቱ 5 ሰከንድ ነበር፤ ያ 5 ሰከንድ ሲድኒ ላይ የት ገባ? ዝግ ባለው አሯሯጥ ውስጥ ቀልጦ ቀረ። ቁም ነገሩ የመጨረሻዎቹ ሜትሮች ላይ ማን እግር አለው የሚለው ሆነ።

ስለዚህ ሯጮች እንደ ቤዝቦል መቺ ለየብቻቸው ዕጣ የሚጣልላቸው አይደሉም። የአንዱ ሰዓት በሌላው ይወሰናል። አምሳያችንም ሁለት ደረጃ ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ለውድድሩ በጠቅላላ አንድ ዳይስ እንጥላለን፤ 1 ወይም 2 ከወጣ ፈጣን ሩጫ ይሁን፣ ከ3 እስከ 6 ከወጣ ዝግ ያለ ሻምፒዮና። ፈጣን ከሆነ የመነሻ ሰዓት ልዩነቱ እንዳለ ይሠራል። ዝግ ከሆነ የሰዓቱን ልዩነት እናጠፋና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 የአጨራረስ ነጥብ እንሰጣለን፤ ነጥቡ ከዳይሱ ድምር ይቀነስለታል።

ማን 3 ያገኛል? ምሩጽ ያለ ክርክር። «ማርሽ ቀያሪው» የተባለው በዚህ ነው፤ ሞስኮ ላይ አምስት ሺውንም አሥር ሺውንም የወሰደው መጨረሻ ላይ በሚቀይረው ማርሽ ነበር። ኃይሌም 3፣ ቀነኒሳም 3 ይገባቸዋል ባይ ነኝ። ለስለሺ ስህን 2 ስሰጠው አንዲት ተማሪዬ ተቆጣች፤ በአቴንስም በቤጂንግም ብር ወስዷል ብላ። ልክ ነች፤ ሁለቱንም ጊዜ የቀደመው ግን ቀነኒሳ ነው። እንዲህ ያለው ሙግት አምሳያውን አያበላሸውም። ከዓሊና ከጄፍሪስ የተለየ የሚያደርገን ነጥቡን ሰሌዳ ላይ በግልጽ ጽፈን መሟገታችን ነው።

ይህን ባደረግን ጊዜ ምሩጽ ከተደረበበት ሯጭነት ተነስቶ ዝግ ባሉት ውድድሮች ከኃይሌና ከቀነኒሳ ጋር እኩል ዕድል ይዞ ይሰለፋል። ፈጣኖቹን ያጣል። ዳይሱ ላይ «ፈጣን» የሚለውን ከሁለት ቁጥር ወደ አራት ብታሳድጉት ቀነኒሳ ይገናል፣ ብታሳንሱት ምሩጽ ይቀርባል። «ታላቁ ማነው» የሚለው ጥያቄ ውስጥ «በምን ዓይነት ሩጫ?» የሚል ጥያቄ ተደብቆ ኖሯል።

አቴንስ ላይ የሆነውን ለብቻ ላንሳው። በ2004 አሥር ሺህ ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ በእግሩ ሕመም እየተሰቃየ ነበር የሮጠው። ቀነኒሳና ስለሺ ከፊት ሆነው ወደ ኋላ እየተገላመጡ ሲጠብቁት ዓለም አይቷል። ሊደርስባቸው አልቻለም፤ ቀነኒሳ በ27:05.10 አንደኛ፣ ስለሺ ሁለተኛ፣ ኃይሌ አምስተኛ ሆኑ። ይህን ወደ ኋላ መገላመጥ በየትኛው ዳይስ ላይ እንደምጽፈው አላውቅም።

የትኛው ኃይሌ? የማን ዘመን?

የአቴንሱን ውጤት ይዞ «ቀነኒሳ ይበልጣል» ማለት ችኮላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ በፓሪሱ የዓለም ሻምፒዮና፣ ቀነኒሳ 26:49.57 ኃይሌ 26:50.77 ሮጠው ነበር፤ 1.20 ሰከንድ ብቻ። ቀነኒሳ 21 ዓመቱ፣ ኃይሌ 30። ሁለቱም በየፊናቸው በአሥር ሺህ አራት አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነዋል፤ ኃይሌ ከ1993 እስከ 1999፣ ቀነኒሳ ከ2003 እስከ 2009። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ጀመረ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሯጭ ምርጥ የሆኑትን ሦስት ተከታታይ ዓመታት ወስዶ የእነዚያን ዓመታት ውድድሮች አማካይ መስጠት ይሻላል። አንድ ምርጥ ቀን ብቻ ከወሰድን ዕድለኛ ቀን የነበረውን ሰው እናገንናለን።

የዘመኑ ልዩነት በሌላ መንገድም ይስተካከላል፦ ሯጩን ከራሱ ዘመን የዓለም ክብረ ወሰን ጋር ማነጻጸር። ምሩጽ ሞስኮ ላይ ሲያሸንፍ ክብረ ወሰኑ የኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ 27 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ገደማ ነበር። የምሩጽ ሰዓት ከዚያ በ1.2 ከመቶ ይዘገያል። ቀነኒሳ በቤጂንግ 2008 በ27:01.17 ሲያሸንፍ ከራሱ ክብረ ወሰን በ2.8 ከመቶ ዘግይቷል። የኃይሌ ሲድኒ 3.5፣ የሰለሞን ቶኪዮ 5.9። በዚህ ሚዛን የአራቱ የኦሎምፒክ ድሎች ቅደም ተከተል ተለውጦ ምሩጽ ከላይ ይቀመጣል! አዛውንቱ ደስ ይበላቸው፤ ግን ለአጭር ጊዜ። ሮኖ ሞስኮ አልነበረም፤ ኬንያ ውድድሩን ረግጣ ወጥታ ነበር።

ማራቶን ላይም ያው ነው። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ 2:15:16.2 ነው የሮጠው፣ ቀነኒሳ በ2019 በርሊን ላይ 2:01:41። አሥራ ሦስት ደቂቃ ተኩል። አበበን ግን በ1964 ቶኪዮ ላይ ሁለተኛ ከወጣው ሰው ጋር አስተያዩት፤ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞታል። በዛሬ ማራቶን እንዲህ ያለ ርቀት በኦሎምፒክ አይታይም። ስለ ጫማ ማውራት ከጀመርን ደግሞ አናበቃም፤ ከ2017 ወዲህ የመጡት የካርቦን ሰሌዳ ያላቸው ጫማዎች አሉ፣ ቼፕቴጌ ክብረ ወሰኑን ሲሰብር በመሙ ጠርዝ እየበራ ፍጥነቱን የሚያሳየው መብራት አለ፣ አበበ ደግሞ ሮም ላይ ጭራሽ ባዶ እግሩን ነበር።

አልማዝ አያናና አንዲቷ ቁጥር

አምሳያችሁን ከማመናችሁ በፊት ውጤቱ በሚታወቅ ውድድር ፈትኑት። እኔ የምሰጣቸው ፈተና ሪዮ 2016 የሴቶች አሥር ሺህ ሜትር ነው። አልማዝ አያና ከመተከል፣ ወንበራ ናት፤ አገሩ ዛሬ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቢሆንም በድሮው አከፋፈል ጎጃም ነበርና ልጆቹ «የእኛ» ይሏታል። ከሪዮ በፊት በመም ላይ አሥር ሺህ የሮጠችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ሄንግሎ፣ ሰዓቷም 30:07.00። ጥሩነሽ ዲባባ በበኩሏ በ2008 ቤጂንግ ላይ 29:54.66 ሮጣ ወርቅ የወሰደች፣ በ2012 ለንደን ላይ የደገመች ናት።

እነዚህን ቁጥሮች ለአምሳያው ስጡት። ጥሩነሽን ያነግሣል፣ አልማዝን ወደ ኋላ ያስቀምጣል። በሜዳው የሆነው ይህ ነው፦ አልማዝ 29:17.45። ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ በ1993 ያስመዘገበችውንና ለ23 ዓመት ማንም ያልነካውን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሻለችው። ጥሩነሽ 29:42.56 ሮጣ ሦስተኛ ወጣች። ያ ሰዓት በሕይወቷ ከሮጠቻቸው ሁሉ የፈጠነው ነው፤ ሁለቱን ወርቆቿን ከወሰደችባቸውም ይበልጣል፤ ያስገኘላት ግን ነሐስ።

አንዲት ቁጥር አማካይ አትሆንም፤ መዋዠቁንም አትነግረንም። አልማዝ በ2015 ቤጂንግ ላይ በአምስት ሺህ የዓለም ሻምፒዮን መሆኗን ለአምሳያው የነገረው የለም። መረጃ ሲያንስ ከሌላ ርቀት፣ ከሌላ ዓይነት ውድድር መበደር ያስፈልጋል፤ ያም ካልተቻለ «ለዚህች ሯጭ መገመት አልችልም» ብሎ ቦታውን ባዶ መተው።

በመዝገቡ ላይ የሌሉት

አሜሪካኖቹም በቤዝቦል ይህ የመረጃ ችግር ደርሶባቸዋል። ጥቁር ተጫዋቾች እስከ 1947 ከዋናው ሊግ ታግደው በራሳቸው ሊግ ሲጫወቱ ኖረዋል፤ ሲሙሌሽኑ ሲሠራ ቁጥራቸው አልነበረም፣ ስለዚህ አልተወዳደሩም። በ2024 የዚያ ሊግ መዝገብ ከዋናው ጋር ሲቀላቀል ከዚያ ሊግ መቺዎች አንዱ የነበረው ጆሽ ጊብሰን በ.372 የመምታት አማካይ (ከሺህ 372) ለረጅም ዘመን አንደኛ የነበረውን ታይ ኮብን አለፈ። ጊብሰን የሞተው በ1947 ነው።

የእኛዎቹ የቀሩት በሌላ ምክንያት ነው። በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ 1988 ሮተርዳም ላይ 2:06:50 ሮጦ የዓለምን የማራቶን ክብረ ወሰን ያዘ፤ አሥር ዓመት ቆየ። በዚያው ዓመት የሴኡል ኦሎምፒክ ነበር፤ ኢትዮጵያ አልሄደችም። ሎስ አንጀለስ 1984ም አልሄደችም። ከሁሉ የሚቆጨኝ ግን ሞንትሪያል 1976 ነው። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ አፓርታይዷ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ረግጠው ወጡ፤ ምሩጽ በጉልበቱ ዘመን ላይ ሳለ ቀረ። ሜዳሊያ ብቻ የሚቆጥር ደረጃ ለዚያ ዓመት ዜሮ ይጽፍለታል። አምሳያ ውድድር ከምንም በላይ የሚጠቅመው፣ በእኔ አስተያየት፣ እዚህ ላይ ነው። የታላቆችን ደረጃ ለማውጣት ከምንደክም ያልተሮጠን አንድ የተወሰነ ውድድር ማስሮጥ ይቀላል፤ ተፎካካሪዎቹ የአንድ ዘመን ሰዎች ናቸው፣ መሙም ጫማውም አንድ ነው፣ ማስተካከያ አያስፈልግም።

ስለዚህ የቤት ሥራው ይህ ነው። ሞንትሪያል 1976፣ አሥር ሺህ ሜትር። ፊንላንዳዊው ላሴ ቪረን በ27:40.38 አንደኛ፣ ፖርቱጋላዊው ካርሎስ ሎፔዝ በ27:45.17 ሁለተኛ። ምሩጽን ከአራት ዓመት በፊት ሙኒክ ላይ ከቪረን ጀርባ ነሐስ በወሰደበት ሰዓት አስገቡት፦ 27:40.96። ከቪረን የሞንትሪያል ሰዓት ያለው ልዩነት 0.58 ሰከንድ ነው። ሎፔዝ ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ሲገፋ የነበረ ሯጭ ነው፤ አጨራረሱ ላይ 1 ስጡት። ለቪረንና ለምሩጽ የምትሰጡትን ነጥብ እናንተ ወስኑ፤ ምክንያቱን ግን በጽሑፍ አስቀምጡ፣ ያለ ምክንያት የመጣ ነጥብ አልቀበልም። በቡድን በቡድን ሆናችሁ መቶ መቶ ጊዜ አስሩጧቸው። ዝግና ፈጣን ውድድሮችን ለየብቻ ቁጠሩ። ዳይስ የሌለው ቡድን ከ1 እስከ 6 የተጻፈባቸው ስድስት ቁራጭ ወረቀት በባርኔጣ ውስጥ ያድርግ፤ አንድ ባወጣ ቁጥር መልሶ ይክተተው። ሰኞ ሰሌዳ ላይ እንደምረዋለን።